ስለ ፍሊንት ሂልስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍሊንት ሂልስ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በምሥራቅ በኩል ያሉ ሣር የለበሱ ኮረብታዎች ናቸው። ከዴንቨር ወደ ካንሳስ ሲቲ በመኪና የሄደ ሰው ስለ መንገዱ ብትጠይቁት መልሱ ያው ነው።

«ካንሳስ ሜዳ ብቻ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም።»

የካንሳስን ምዕራብ ብቻ ባየ ሰው አልፈርድም። ጀንክሽን ሲቲ የተባለችውን ከተማ አልፋችሁ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ግን መሬቱ መታጠፍ ይጀምራል። ኮረብታዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ስሜንን የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይንቃቸዋል። ውበታቸው ስፋታቸው ነው፤ የሚከልል ዛፍ ስለሌለ የደመናው ጥላ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሲሻገር ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። አይ-70 በተባለው አውራ ጎዳና እየበረራችሁ ግን አታዩትም። በመንገድ 177 ወደ ደቡብ ታጠፉ፣ ከዚያ መኪናውን አቁሙና በእግራችሁ ሂዱ።

«የማይረባ መሬት ስለሆነ ነው ያልታረሰው።»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ከሣሩ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ በባልጩት የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ማረሻ አላስገባም አለ። ገበሬው ከብት አረባበት፣ ሣሩም ተረፈ። ሌላው ቦታማ ለበቆሎና ለስንዴ ታርሶ አልቋል! በሰሜን አሜሪካ ከነበረው የረጅም ሣር ምድር የቀረው 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን አብዛኛው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስትሮንግ ሲቲ በተባለች ከተማ አጠገብ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ተቋቋመ፤ በ2009 ደግሞ ባይሰን የሚባሉት የአሜሪካ የዱር ከብቶች ተመልሰው ገቡበት።

«በየጸደዩ ሣሩን ማቃጠል ጥፋት ነው።»

ጭሱ ሩቅ ያለን ሰው ሳይቀር ያስቸግራል፣ እሱ እውነት ነው። ሣሩ ግን አይሞትም፤ የአንዳንዱ ሥር ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ካንሳና ኦሴጅ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ጥንትም ያቃጥሉት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ከብት አርቢዎቹ ይለኩሱታል። እሳት ከቀረ ኮረብታውን የጥድ ዘር ይወርሰዋል፣ ያ ሰፊ እይታም አብሮ ይጠፋል። በሚያዝያ ሄዳችሁ ጥቁር አመድ ብታዩ አትዘኑ፤ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴው ብቅ ይላል።

«ሣር ያው ሣር ነው፣ መቼም ብትሄድ ለውጥ የለውም።»

በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሂዱና ፍረዱ። ቢግ ብሉስተም የሚባለው ሣር ዝናብ ካገኘ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ያኔ ቀለሙም መዳብ ይመስላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የኮረብታው እጥፋት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጥላ ስለሌለ ውሃ ያዙ፣ ባይሰን ካያችሁም ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ።