የባሕር ውኃ ኢንቴክ ምንድን ነው?

"ባሕር እኮ ውኃ አያልቅበትም፤ ወፍራም ቱቦ ከተህ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ነው።" ይህችን አስተያየት ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኳት እንጃ። የቀይ ባሕር ወሬ ከደራ ወዲህ ሁሉም መሐንዲስ ሆኗል። ጎንደር ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ኢንቴክ ማለት ፋብሪካው ወይም የኃይል ማመንጫው ከባሕር ውኃ የሚቀበልበት ነገር ሁሉ ነው፤ አፉም፣ ወንፊቱም፣ ቱቦውም፣ የፓምፕ ጉድጓዱም። ፓምፑን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ውኃው በወንፊቱ ሲያልፍ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ነው።

በጥምቀት የፋሲል መዋኛን በር አስቡት። በሩ ሰፊ ከሆነ ሕዝቡ ቀስ እያለ ይገባል፣ ሐሳቡን የቀየረም ዞር ብሎ ይወጣል። አጥብቡትና ያንኑ ሕዝብ በዚያው ሰዓት አስገቡ እስቲ! መመለስ የለም፣ ነጠላውም ጫማውም እዚያው ይቀራል። ዓሣም እንደዚያው ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። "ትልቅ ፓምፕ" የሚለው ወዳጃችን እንግዲህ በሩን ሳይነካ ከኋላ ሰው እየጨመረ ነው።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ደንብ በወንፊቱ የሚያልፈውን ፍጥነት በሰከንድ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ የሚይዘው። በዚህ ስሌት በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ለመውሰድ 7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ክፍት ነው ያልኩት! የወንፊቱ ብረት ግማሹን ከያዘ ወደ 14 ይጠጋል። ይህም ንጹሕ ሲሆን ነው። የባሕር አረምና ዛጎል ግማሹን ቀዳዳ ሲደፍነው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቆሻሻው ይብስ ይለጠፋል፣ ከወንፊቱ ጀርባ ያለው ውኃ ይወርዳል፣ ፓምፑም አየር መሳብ ይጀምራል። ትልቁ ፓምፕ ያኔ ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በኦስካርስሃምን የኑክሌር ማመንጫ አንድ ሬአክተር የቆመው ጄሊፊሽ የማቀዝቀዣ ውኃውን መግቢያ ስለዘጋው ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ጀልባ ሲያስቆም ያየ ሰው አይገርመውም።

ማንም ባይጠይቀኝም ልጨምር፦ ፍጥነት መቀነስ ለዓሣ እንቁላልና ለገና ለተፈለፈለው ጫጩት አይደርስለትም። መዋኘት ስለማይችሉ ከውኃው ጋር ሾልከው ይገባሉ። ለነሱ በጣም ደቃቅ ወንፊት፣ ወይም ከዳርቻው አሸዋ ሥር ውኃ የሚስብ ጉድጓድ ይታሰባል፤ እሱም አሸዋው ውኃ በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ።