የመኪና ወንበርን ለእሽቅድምድም ቀበቶ ማስማማት

የእሽቅድምድም ቀበቶ ወይም ሃርነስ ነጂውን በሁለት ትከሻው፣ በዳሌውና እንደ ዓይነቱም በእግሮቹ መሃል አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። የፋብሪካ ወንበር የተሠራው በአንድ ትከሻ ብቻ ለሚያልፈው ባለ3 ነጥብ ቀበቶ በመሆኑ ሃርነስ የሚያልፍበት ቀዳዳም መንገድም የለውም። ይህን መንገድ መክፈት በግል ጋራዥ ሊሠራ ይችላል። ሥራው ሁሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ወንበር ቀበቶውን ይመራዋል እንጂ ጭነቱን አይሸከምም። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) ደንብ፣ አባሪ ጄ አንቀጽ 253፣ ቀበቶን ከወንበሩ ወይም ከወንበሩ እግር ጋር ማሰርን ይከለክላል። ጭነቱ የሚያርፈው በመኪናው አካል ወይም በሮል ኬጁ፣ ማለትም የመኪናውን ውስጥ በሚያጠናክረው የብረት ቱቦ ክፈፍ፣ ላይ ነው።

ታሪክ

ባለ3 ነጥቡን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ይዞት መጣ። በፎርሙላ 1 ባለ6 ነጥብ ማሰሪያ ከ1972 ጀምሮ ግዴታ ሆነ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ታሪክ ሰፊ ነው። ማሰሪያው ደረትን አጥብቆ ሲይዝ ጭንቅላት ብቻውን ወደ ፊት ይወረወራል፤ በዚህም የራስ ቅል ወለል ይሰበራል። በ1981 ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ ፓትሪክ ዣክማር በዚህ ዓይነት ጉዳት ሲሞት ጓደኛው ጂም ዳውኒንግ ጉዳዩን ለእህቱ ባል ለሮበርት ሃባርድ አዋየው። ሃባርድ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰር ነበር። የሁለቱ ሥራ ሃንስ የተባለውን፣ በትከሻ ማሰሪያዎቹ ሥር ተቀምጦ የራስ ቁሩን የሚይዘውን መሣሪያ ወለደ። ይሁንና ብዙ ነጂዎች ይከብዳል፣ አንገት ያስራል እያሉ ለዓመታት ሳይቀበሉት ቆዩ።

ነገሩን የለወጠው በናስካር፣ ማለትም በአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር፣ ውድድር ዝነኛ የነበረው ነጂ የዴል ኧርንሃርት ሞት ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 በዴይቶና ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ የግራ ወገብ ማሰሪያው ተበጥሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው የናስካር ምርመራ ጨርቁ በማስተካከያ ብረቱ ውስጥ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ እንደተቀደደ ገለጸ። ቀበቶ ሰሪው ወገን በበኩሉ ጥፋቱ የአተካከሉ ነው ብሏል። ማሰሪያው ባይበጠስ ኧርንሃርት ይተርፍ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው ግን ጨርቅ በጠማማ ማዕዘን ሲጎተት ወደ ጥግ እንደሚሰበሰብና ጭነቱን በሙሉ ስፋቱ እንደማይሸከም ነው። ናስካር በኦክቶበር 2001 የራስና አንገት መያዣን ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ 1 ደግሞ በ2003 ሃንስን።

ዓይነቶች

ባለ4 ነጥብ ቀበቶ የእግር መሃል ማሰሪያ የለውም። ግጭት ሲደርስ የትከሻ ማሰሪያዎቹ መቆለፊያውን ወደ ላይ ስለሚስቡት የወገቡ ማሰሪያ ከዳሌ አጥንት ወደ ሆድ ይወጣል፣ ሰውየውም ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ሽሮት የተባለው የጀርመን አምራች ለዚህ ያበጀው ዘዴ ብልሃት ያለበት ነው፤ አንደኛው የትከሻ ማሰሪያ ላይ በጭነት የሚለቅ ስፌት አለ፣ ሰውነቱም በጥቂቱ ዞሮ ዳሌው በቦታው ይቆያል። ይህ ስፌት የሌለውን ባለ4 ነጥብ በፋብሪካ ወንበር ላይ ማሰር አይመከርም። ባለ5 ነጥብ አንድ፣ ባለ6 ነጥብ ሁለት የእግር መሃል ማሰሪያ ስላላቸው የወንበሩ መቀመጫ መበሳት አለበት።

ማዕዘን

የትከሻ ማሰሪያ ከትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ ከአግድም በታች ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ ኤፍአይኤ ይጠይቃል፤ ከዚያም በጣም ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። ሃንስ ለሚለብስ ሰው ከ20 ባይበልጥ ይሻላል። ምክንያቱ ስሌት ነው፦ በ45 ዲግሪ ከማሰሪያው ጉተታ 70 በመቶ ያህሉ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል፣ በ10 ዲግሪ ግን 17 በመቶ ብቻ። ማሰሪያውን ከኋላ ወንበር ወለል ላይ ማሰር በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ አከርካሪን ይጫናል፣ ረጅም ስለሚሆንም ይለጠጣል። ጨርቁ በጭነት 10 በመቶ ቢለጠጥ የ40 ሳንቲ ሜትር ማሰሪያ 4 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፣ የ120ው 12። መፍትሔው ከወንበሩ ጀርባ በትከሻ ቁመት አካባቢ የሚገጠም አግድም ቱቦ ነው።

ወንበሩን መክፈት

መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፤ የመኪናው መመሪያ ለኤርባግ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ ይጠበቃል። ገመዶቹ ተነቅለው ሳለ ቁልፍ ቢዞር የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል። የጀርባው ጎን ኤርባግ ካለበት እዚያ በኩል ልባሱ አይነካም። የተሳፋሪ ወንበር ከሆነ ከስፖንጁ ላይ ወይም ሥር የክብደት መለኪያ ምንጣፍ ሊኖር ስለሚችል ሳያዩ መቁረጥ አይገባም።

የቀዳዳው ቦታ የሚለካው ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይደለም፤ ነጂው በሙሉ ልብሱ ተቀምጦ፣ ስፖንጁ ተጨቁኖ ነው። ለባለ5 ነጥብ ማሰሪያው የደረትን መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ለባለ6 ከዚያ መስመር 20 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል። ቀዳዳው ወደ ፊት ከራቀ ዳሌው ማሰሪያው እስኪይዘው ድረስ ይንሸራተታል።

ልባሱ የተያዘባቸው የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ይፈታሉ። ጨርቁ ተቀዶ አይጣልም፤ መሃሉ ተሰንጥቆ ሁለቱ ከንፈሮች ወደ ታች ታጥፈው ይሰፋሉ። ስፖንጁ በረጅምና ስለታም ቢላ ከላይም ከታችም ይቆረጣል፣ ከማሰሪያው ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍቶ። ከሥሩ ላሜራ ካለ ሁለት ጫፎቹ በትራፓኖ ተበስተው መሃሉ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በሞረድ ለስልሶ ጎማ ይለብሳል፤ ያልለሰለሰ ላሜራ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሥሩ የሞላ ሽቦዎች ካሉ ቀዳዳው በመሃላቸው ይወጣል። አንድ ሽቦ ከተቆረጠ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ያልፍና መቀመጫው ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ የተለካው ማዕዘን ሁሉ ዋጋ የለውም።

የትከሻ ማሰሪያዎቹ በራስ መደገፊያው ሁለት ዘንጎች መካከል ቢያልፉ ወደ ጎን አይንሸራተቱም። ራስ መደገፊያውን አውጥቶ መጣል አንገትን ያለ ጠባቂ መተው ነው። የጀርባው አናት ክብ ከሆነ፣ ወይም ከነጂው ትከሻ ዝቅ ካለ፣ ወንበሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማሰሪያው አናቱን ተጭኖ ከታጠፈ በግጭት ጊዜ የሚታጠፈውን ጀርባ ይሰብረውና ይላላል። የወንበሩን ብረት በብየዳ ማጠናከርም አይሠራም፤ ጠንካራው ብረት በሙቀት ይለሰልሳል። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ቀድሞ የተዘጋጁለት የእሽቅድምድም ወንበር መግጠም ይቀላል።

ማሰሪያ ነጥቦች

አዲስ ነጥብ ሲከፈት ኤፍአይኤ ቢያንስ 40 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት መደገፊያ ላሜራ ይጠይቃል። ቡሎኑ ኤም12 (12 ሚሊ ሜትር) የጥንካሬ ደረጃው 8.8፣ ወይም በኢንች የሚለካው 7/16 ዩኤንኤፍ ነው፤ ብዙ የፋብሪካ ቀበቶ ነጥቦች በኋለኛው ጥርስ ስለተሠሩ የወገቡን ማሰሪያ እዚያው መግጠም ይቻላል። እያንዳንዱ ነጥብ 1470፣ የእግር መሃሉ 720 ዴካኒውተን መሸከም አለበት (1 ዴካኒውተን የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ነው)። በሮንዴላ ብቻ ወለሉ ላይ የታሰረ ቡሎን ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። መያዣው ወደ ማሰሪያው አቅጣጫ መዞር መቻል አለበት፤ የዴይቶናው ዓይነት ጥግ መሰብሰብ የሚጀምረው ካልዞረ መያዣ ነው። በባለሦስት ዘንግ መቆለፊያ፣ ማለትም ጨርቁ በዘንጎቹ መካከል ተሽሎክሉኮ በሚያዝበት ብረት፣ ላይ ጨርቁ ተመልሶ በድጋሚ ካልገባ ይንሸራተታል፤ ትርፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል።

አከራካሪ ጉዳዮች

ሮል ባር፣ ማለትም መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ የሚያግድ የብረት ቱቦ ቅስት፣ በሌለው መኪና ላይ ሃርነስ መግጠም ተገቢ ነው ወይ? በባለ3 ነጥብ የታሰረ ሰው ጣሪያ ሲጨፈለቅ ወደ ጎን ማዘንበል ይችላል፤ በሃርነስ የታሰረ ግን ቀጥ ብሎ ይቀራል። አንዳንዶች መገልበጥ ብርቅ ነው ብለው ይሟገታሉ፤ ጠንቃቃ ሠሪ ግን ያለ ሮል ባር አይገጥምም። በመንገድ ላይ መጠቀምን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ብዙዎች የፋብሪካውን ቀበቶ በቦታው ይተዉታል።

ዕድሜ

የኤፍአይኤ ማረጋገጫ ያለው ቀበቶ ለ5 ዓመት፣ የኤስኤፍአይ (የአሜሪካ የእሽቅድምድም ዕቃ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ደግሞ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ቀኑ ከጨርቁ ላይ በተሰፋው ምልክት ላይ ይነበባል። ከባድ ግጭት ያየ ቀበቶ ግን ቀኑ ባይደርስም ይጣላል፤ ወንበሩም አብሮ ተፈትቶ የላሜራው ጠርዝና የቀዳዳው ስፌት ይታያል።