ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፦ ከትዳር ይልቅ ለክፍል የሚሆን ተረት

ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በሰው ትዳር ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በተዋወቁ በወሩ ቀለበት ያስራሉ። ዓመት ሳይሞላቸው ይለያያሉ። ጎረቤት «ምን ይደረግ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይልና ቡናውን ይቀጥላል። በጥድፊያ ለተጀመረ ሽርክናም፣ ለይድረስ ይድረስ ሥራም ይኸው ይባላል። በችኮላ የተያዘ በችኮላ ይሄዳል ነው ነገሩ።

ምሳሌው የመጣው ከአለባበሳችን ነው። ዘለበት ያለው ቀበቶ ከመለመዱ በፊት ወገብ የሚታሰረው በመቀነት ነበር። ረጅም የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል፣ ሳብ ተደርጎ ይጠብቃል፣ ጫፉ ይሸጎጣል። ገጠር ዛሬም አለ። እናቶች ገበያ ሲወጡ ገንዘባቸውን የሚቋጥሩት መቀነታቸው ጫፍ ላይ ነው። ይህን እየሮጡ ልጠምጥም ያለ ሰው ለጊዜው ይሆንለታል። ወገቡም ጠበቅ ያለ ይመስለዋል። የሚላላው መንገድ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ያኔ የቋጠረው ሳንቲምም አብሮ ይረግፋል።

እኔ የምወድለት ይህን «ጠበቅ ያለ ይመስለዋል» የሚለውን ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ከሚለው የሚለየውም በዚህ ነው። እሷ ያፈሰሰችው እህል እግሯ ሥር ነው፤ ወዲያው ታየዋለች፣ ትለቅማለች። እየሮጠ የታጠቀው ግን እንዳልታጠቀ አያውቅም።

የፈተና ዋዜማ ተማሪ ይኸው ነው። ደብተሩን ሦስቴ አንብቦታል። በአራተኛው ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀሪውን ያውቀዋል። «ጠጥቼዋለሁ!» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። በሳምንቱ ስትጠይቁት ግን ርዕሱን ነው የሚያስታውሰው።

ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። በሳምንቱ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 ወረዱ፤ ጸሐፊዎቹ 61 ላይ ነበሩ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ከሳምንት በኋላም በደንብ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት አንባቢዎቹ ነበሩ።

ማወቅና ያወቁ መስሎ መሰማት ይለያያሉ። ይህን ልዩነት በራስ ላይ መመዘን፣ አስተሳሰብን መከታተልና እንዳስፈላጊነቱ ማረም ሜታኮግኒሽን ይባላል። ስሙን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ፍላቬል ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያሰናዳል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚል ሰው ቅኔ ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

ዘመናዊው ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ደወል ይደወላል። ይህ ጥያቄ ምንም አይለካም። በእሱ ፈንታ ግማሽ ሉክ ወረቀት ይበቃል። «ደብተር ዝጉ። ትናንት ስለ ብርሃን አስተፃምሮ የተማርነውን ጻፉ።» ትናንት የተማሩትን መሆኑ ይጠቅማል፤ አሁን የተነገረውን ማንም የሚያውቀው ይመስለዋል። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ደግሞ «እርግጠኛ ነኝ»፣ «ይመስለኛል» ወይም «ገመትኩ» ብለው ምልክት ያድርጉ። አንዱ ልጅ «ተክል ምግቡን የሚያገኘው ከአፈር ነው» ብሎ ይጽፋል፤ አጠገቡ «እርግጠኛ ነኝ»። መልሱ ሲታረም ያ ልጅ ዓይኑን ያፈጣል። ይህን ስሕተት አትናቁት። ሰው እርግጠኛ ሆኖ የሳተውን ሲታረም፣ በግምት ከሳተው ይልቅ በደንብ እንደሚይዘው በጥናት ታይቷል። መደንገጡ ሳይጠቅም አይቀርም።

ሌላው መንገድ መምህሩ ራሱ ሲያስብ መሰማቱ ነው። ሒሳብ መምህራን ሰሌዳ ላይ የሚያሳዩን ያለቀለት፣ የጸዳ መልስ ነው፤ መሐል ላይ የተጠራጠሩበትን አናይም። አንድ መምህር 3/4 ሲደመር 1/2 ብሎ ጻፈ እንበል። ሆን ብሎ ላዩንም ታቹንም ይደምርና 4/6 ያመጣል። ከዚያ ቆም ይላል። «ቆይ፣ 4/6 እኮ ከ3/4 ያንሳል። ጨምሬበት እንዴት አነሰ? የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።» ታች ያሉትን አራት ያደርጋቸዋል፤ 3/4 ሲደመር 2/4፣ 5/4። ልጆቹ መልሱን ብቻ ሳይሆን «ቆይ» የምትለዋን ይማራሉ። ያቺ «ቆይ» መጽሐፍ ውስጥ የለችም።

ይህ ሁሉ ከክፍለ ጊዜው ዐሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ «ምዕራፉ አያልቅልኝም» የሚል መምህር እውነቱን ነው። በየቀኑ ባይሆን በሳምንት ሁለቴ ይሞከር። አንድ ነገር ግን ይጠበቅ፦ ወረቀቱ ማርክ አይያዝበት። «ገመትኩ» ያለ ልጅ ነጥብ የሚቀነስበት ከመሰለው በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ በሙሉ «እርግጠኛ ነኝ» ይሆናል፣ ግማሹም ከጎረቤቱ ይኮርጃል።