ድንጋዩን የሚመርጠው ፓኔሉ ነው፤ የደጅ ሶላር መብራት ባትሪ በጅማ

ጅማ ውስጥ ሱቅ ገብቶ «ባትሪ ስጠኝ» ያለ ሰው የእጅ ባትሪ ሊቀርብለት ይችላል። ውስጡ የሚገባው ነገር ስሙ «ድንጋይ» ነው። የራዲዮ ድንጋይ፣ የሰዓት ድንጋይ፣ የሪሞት ድንጋይ እንደሚባለው ማለት ነው። ለደጅ ሶላር መብራት የሚሆነው ግን ከእነዚህ ይለያል። ቻርጅ የሚደረግ መሆን አለበት። ችግሩ መልካቸውና ቁመታቸው አንድ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሪሞቱን ድንጋይ ሶላሩ ውስጥ ይከታል። ለጥቂት ሌሊት ያበራል። ቀን ቀን ፓኔሉ ሊሞላው ሲታገል ግን ድንጋዩ ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሃ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ያበቅላል። መጨረሻ ላይ መብራቱንም ይዞት ይሞታል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ቡናውን ያጠገበው ዝናብ ሶላሩን ያስርበዋል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም ከከተማዋ ብዙ አይርቅም። መብራት ግን እዚህም ይጠፋል። ስለዚህ በረንዳ ላይ፣ በር ላይ፣ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ትንንሽ ሶላር ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመርለታል። አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ሌሊት ዘበኛ ይፈልጋል፤ ዘበኛውም ብርሃን።

ውስጡ ምን አለ

አንዱን ርካሽ የጓሮ መብራት ብትፈቱት የምታገኙት አራት ነገር ነው። ትንሽ ፓኔል፣ አንድ ድንጋይ፣ ጥፍር የምታህል ቦርድና ኤልኢዲ የምትባለው ትንሽ አምፖል። አንዳንዴ አምስተኛ አለ፤ የጉንዳን ጎጆ። ቀን ፓኔሉ ድንጋዩን ይሞላል። ሲመሽ የፓኔሉ ቮልት ይወርዳል፤ ቦርዱ ይህን አይቶ ኤልኢዲውን ያበራል። ማለትም ፓኔሉ ዓይንም ነው። የጎረቤት አምፖል ፓኔሉ ላይ ካረፈ ለመብራቱ ገና ቀን ነው፤ አይበራም። ድንጋዩ ሞተ ተብሎ ከተጣለው ስንቱ በዚህ ምክንያት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ድንጋይ ከመግዛት በፊት ማብሪያውንም ማየት ነው። በአንዳንዶቹ መብራቶች ማብሪያው ከተዘጋ ባትሪው ጭራሽ አይሞላም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር የተሰካች የፕላስቲክ ቁራጭ ትኖራለች። እሷ ካልተነቀለች መብራቱ ዓመት ፀሐይ ላይ ቢውል ዋጋ የለውም።

የድንጋዩ ዓይነት

በትንንሾቹ የጓሮ መብራቶች ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ቮልት የሆነ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። በአሮጌዎቹ ውስጥ ኒኬል ካድሚየም ይገኛል። እሱ ጠንካራ ቢሆንም ካድሚየም መርዝ ነው፤ ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ከሁለቱ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል፤ ቮልታቸው አንድ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት፣ ሰው ሲያልፍ ቦግ የሚሉት መብራቶች የሚሠሩት በሊትየም ነው። የተለመደው 18650 የሚባለው ሲሆን ቁጥሩ ልኩ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት። ይህኛው 3.7 ቮልት ይባላል፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። በትልልቆቹ የግቢና የመንገድ መብራቶች ውስጥ ሊትየም ብረት ፎስፌት ይበዛል። እሱ 3.2 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 3.65።

የ0.5 ቮልት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። አይደለችም። ለ3.2 የተሠራ መብራት ውስጥ 3.7 ሊትየም ቢገባ ቻርጁ በጊዜ ስለሚቋረጥ ባትሪው ሆዱ ሳይሞላ ይቀራል። በተቃራኒው ለ3.7 የተሠራ መብራት ውስጥ 3.2 ቢገባ ግን ቦርዱ እስከ 4.2 ድረስ ይግተዋል። ባትሪው ያብጣል፣ ቶሎም ይሞታል። ስለዚህ አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ መጣል የለም። ይዞት ሱቅ መሄድ ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። 14500 የሚባለው ሊትየም ልክ የሪሞት ድንጋይ ያህላል። ቮልቱ ግን 3.7 ነው፤ የመብራቱ ድንጋይ ሦስት እጥፍ። ባለ 1.2 መብራት ውስጥ ልክ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቦርዱንም ያቃጥላል።

በዕድሜ ካየነው ሊትየም ብረት ፎስፌት ይበልጣል። 2,000 ጊዜ ያህል ተሞልቶ መውጣት ይችላል። የደጅ መብራት በቀን አንዴ ስለሚሞላ ይህ ከአምስት ዓመት በላይ ነው። ተራው ሊትየምና ኒኬሉ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዙር ላይ ይዳከማሉ፤ ዓመት ከምናምን ማለት ነው። ከሙቀትና ከእሳት አንፃርም ፎስፌቱ ረጋ ያለ ነው። መብራቱ የሚቀበለው ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ስንት ቁጥር ያለውን?

ሱቅ ውስጥ ሁሉም የሚያየው ሚሊ አምፔር ሰዓቱን፣ ማለትም ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገረውን ቁጥር ነው። ትልቅ ቁጥር፣ ረጅም ሌሊት ይመስላል። ግን ድንጋዩ ጆንያ እንጂ እህል አይደለም። እህሉን የሚያመጣው ፓኔሉ ነው።

እንቁጠረው። የአንድ ትንሽ የጓሮ መብራት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ 60 ሚሊ አምፔር ይሰጣል እንበል። አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ከዚያም ላይ በመሙላት ጊዜ የሚባክን አለ። ለዚህ መብራት 600 የተጻፈበት ድንጋይ በቂው ነው። 2,500 ቢገባበት አይጎዳም፤ ግን አንድም ቀን ጠግቦ አያድርም። ገንዘቡ ነው የሚያሳዝነው። ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ 800 ወይም 1,000 መግዛት ግን ክፋት የለውም። አንድ የደመና ቀን ያሻግራል።

ኒኬል ሲገዛ ከቁጥሩ ይልቅ «ቻርጁን የሚያቆይ» ዓይነት መሆኑን መጠየቅ ይበጃል። ተራው በአንድ ወር ውስጥ ሳይነካ ሩብ ያህሉ ሊፈስስ ይችላል። የሚያቆየው ዓይነት ከዓመት በኋላም ከግማሽ በላይ ይዞ ይገኛል። ዓይነቱን ሳንዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢነሉፕ በሚል ስም ነበር ገበያ ላይ ያወጣው፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል።

ሊትየም ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ገበያ ላይ ያለ ደህና 18650 በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ነው። 9,900 የተጻፈበት ካገኛችሁ ውሸት ነው። እኔ አንዱን ገዝቼ በአንድ ሌሊት አጋማሽ ጠፋብኝ። ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፤ ባለ ሱቁ ሳቀብኝ። 29 ግራም ወጣ። ኦሪጅናሉ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛን ከሌለ መዳፍም ይበቃል፤ ፎርጅዱ ባዶ ቆርቆሮ የያዙ ያህል ይቀላል። በመብራቱ ሣጥን ላይ የሚጻፈው «200 ዋት»ም የዚሁ ዘመድ ነው። መዳፍ የሚያህል ፓኔል ያን አይመግብም።

ክረምትና ጣሪያ

ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። መብራቱ የሚበላው አይቀየርም፤ የሚቀየረው የሚመጣለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሲከብድ በበጋ እስከ ንጋት ያበራ የነበረው መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይደክማል። ያኔ «ድንጋዩ ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል። አዲሱም ይደክማል።

የፓኔሉ አቀማመጥም እዚህ ላይ ይገባል። ወደ ደቡብ አዘንብሉት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለበጋ ልክ ነው። ግን ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ፀሐይ በጅማ ሰማይ ወደ ሰሜን ጠጋ ብላ ነው የምታልፈው። ብዙ ያዘነበለ ፓኔል ፀሐይ በምታንስበት ወቅት ፊቱን ያዞርባታል። ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ያህል ብቻ፣ 10 ዲግሪ አካባቢ ማዘንበል ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአቮካዶው ጥላና ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ማውጣት ነው።

ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ማሰር ግን ጥሩ አይደለም። በጥር ቀትር የቆርቆሮን ግለት የማያውቅ የለም። ሊትየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ባይሞላ ይመረጣል፤ ዕድሜው ያጥራል። ፓኔሉ ከባትሪው የተለየበት ዓይነት ከሆነ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ባትሪው በረንዳ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ

ክረምቱን ለማለፍ ቀላሉ ዘዴ ሁለት ጥንድ ኒኬል መያዝ ነው። አንዱ ጥንድ መብራቱ ውስጥ ሲያድር ሌላው ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ይሞላል። እዚህ ላይ ግን የቻርጀሩ ዓይነት ወሳኝ ነው።

ርካሹ ቻርጀር መሙላቱን አያውቅም፤ እስክትነቅሉት ድረስ ይገፋል። በእሱ ለመጠቀም ማስላት ያስፈልጋል። ድንጋዩ 2,000፣ ቻርጀሩ 200 ሚሊ አምፔር ከሆነ 14 ሰዓት ያህል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሰዓት ቆጥሮ የሚያቆም ነው። ጥሩ ይመስላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ተንኮል አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድንጋይ እንደገና ሙሉ ቀን ይገፋበታል። ሦስተኛው የድንጋዩን ቮልት እየተከታተለ፣ ሲሞላ የሚፈጠረውን ትንሽ መውረድ አይቶ የሚያቆም ነው። ለጅማ ይኸኛው ነው የሚገዛው። እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚያይ ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

ሊጠግብ ሲል ለብ ማለቱ ጤና ነው። በእጅ ለመያዝ የሚከብድ ከሆነ ግን ይነቀል። አሮጌና አዲስ አይቀላቀል። ሁለት ድንጋይ በሚወስድ መብራት ውስጥ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ጠንካራው እየገፋ ዋልታውን፣ ፕላስና ማይነሱን፣ ይገለብጠዋል።

ሊትየምን በኒኬል ቻርጀር መሙላት ፈጽሞ አይሞከርም። ስልክ ጠጋኞች ዘንድ የምትገኘው ቲፒ4056 የምትባል ትንሽ ቦርድ 4.2 ላይ ታቆማለች። ስትሞላ ቀይ፣ ሲጠግብ ሰማያዊ ታበራለች። ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር ስለምትሰጥ ለ18650 ትሆናለች፤ ለትንሹ 14500 ትበዛበታለች። ለፎስፌቱም አትሆንም፤ እሱ የራሱን 3.65 ይፈልጋል።

ሊትየም የሚሞላው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ነው። ፍራሽ ላይ፣ መጋረጃ ሥር፣ ሰው ተኝቶ፣ አይሆንም። ያበጠ፣ የተሰረጎደ ወይም ልባሱ የተቀደደ አይሞላም። ባትሪው ላይ በቀጥታ ስታኞ ማድረግም አደጋ ነው፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ሽቦ ተበይዶበት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መጠየቅ ይሻላል። ጭስ ከጀመረ ጭሱ መርዝ ነው። ባትሪውን ከማዳን ቤተሰቡን ማውጣት ይቀድማል።

ሲያረጅ

ድንጋዩ የሚነካው ሽቦ ላይ ነጭ ነገር ካበቀለ መብራቱ አልሞተም። ጓንት አድርጎ፣ ጥጥ ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጎ መጥረግ ነው። የኒኬል ድንጋይ ዝቃጭ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ አሲዱ ይሽረዋል። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ፣ ከዚያ በጣም ስስ ቫዝሊን። ክዳኑ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ በሲሊኮን ዙሪያውን መድፈን። የጅማ ክረምት ቀዳዳ አይስትም።

የሞተው ድንጋይ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል፤ አዌቱ ወንዝም ውስጥ አይጣል። ሊትየም ከሆነ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ለጥፎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እኔ ጋ አንድ የቡና ጣሳ ሞልቷል። ከላይ የተቀመጠችው ያቺ ባለ 9,900ዋ ናት።