የቤት ቧንቧ ፕላን፦ ሥዕሉ የሚጀምረው ከፍሳሹ ነው

የቧንቧ ፕላን ውሃ ወደ ቤት ከሚገባበት ነጥብ አንስቶ ተጠቅመንበት እስከሚወጣበት ድረስ ያለውን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ግንባታ ላይ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሳኒተሪ ፕላን» ይሉታል። የሚሠራው አርክቴክቱ በሳለው የወለል ፕላን ላይ ነው። ቱቦው የት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ወደ የት እንደሚያዘቀዝቅ፣ የትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚቀበር ከሱ ላይ ይነበባል።

በውስጡ ሦስት መስመሮች አሉ። አንዱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛውም ሙቁም። ሁለተኛው ፍሳሽ ነው። ሦስተኛው የአየር መስመር ነው፤ እሱን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ትንሽ ቤት ከሆነ ሦስቱም አንድ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ፎቅ ከሆነ ወይም መታጠቢያ ቤቶቹ ከበዙ ግን ለየብቻ መሳል ይሻላል። አለዚያ ወረቀቱ የተወሳሰበ ድውር ይመስላል።

ቁልቁል ብቻ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ቧንቧ ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ሻወሩ፣ ሲንኩ፣ የሚያብረቀርቀው የቧንቧ አንገት ነው። ፕላን የሚያወጣው ሰው ግን ከሌላኛው ጫፍ ይነሳል፤ ከፍሳሹ። ንጹሕ ውሃ ግፊት አለው። ሽቅብ ይወጣል፣ ይጠማዘዛል፣ በኮርኒስ ዞሮ ይመጣል። መንገዱ ቢቀየርበት ብዙም አያኮርፍም። ፍሳሽ የሚያውቀው ግን ቁልቁል መሄድ ብቻ ነው። ቱቦው ወፍራም ነው፣ ተዳፋት ይፈልጋል፣ መታጠፍ አይወድም። ስለዚህ ቦታ መጀመሪያ የሚሰጠው ለሱ ነው። ንጹሑ ውሃ በተረፈው ያልፋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ፍሳሹ ከግቢው የሚወጣው በየት በኩልና በምን ያህል ጥልቀት ነው የሚለው ነው። የመንገድ ፍሳሽ መስመር ካለ ጥልቀቱ ይለካል። ከሌለ የሴፕቲክ ታንኩ ቦታ ይወሰናል። ከዚያ ወደ ቤቱ እየተመለሱ ከፍታውን ማስላት ነው። በስፋት የሚሠራበት ተዳፋት፣ ሠራተኞቹ «ስሎፕ» የሚሉት፣ 2 በመቶ ነው። በ1 ሜትር ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ወፈር ያሉት ቱቦዎች፣ እንደ 110 ሚሊ ሜትሩ ያሉት፣ በ1 በመቶም ሊሄዱ ይችላሉ።

ይህቺ ትንሽ ቁጥር ቤቱን ሁሉ ታዛለች። ፎቅ ላይ ያለው ሽንት ቤት ከቁም ቱቦው፣ የየፎቁን ፍሳሽ ቀጥ ብሎ ከሚያወርደው ቱቦ፣ 6 ሜትር ርቋል እንበል። በ2 በመቶ ተዳፋት ቱቦው 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የራሱ ወርድ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲደመር 23። መገጣጠሚያውና ማንጠልጠያው ሲታከልበት ከሩብ ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ከሶሌታው፣ ከፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሥር መደበቅ አለበት። ወይ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ዝቅ ይላል፣ ወይ ቱቦው ሄዶ ሄዶ ቢም፣ ሶሌታውን የሚሸከም አግድም ኮንክሪት፣ ይገጥመዋል። ቦታው ላይ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተዳፋቱን መቀነስ ነው። ያኔ ለጊዜው ሁሉም ሰላም ይመስላል። ወራት ቆይቶ ግን ቱቦው መደፈን ይጀምራል። ትክክለኛው መፍትሔ ሽንት ቤቱን ወደ ቁም ቱቦው ማቅረብ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚቻለው ወረቀት ላይ እያለ ብቻ ነው።

መታጠቢያ ቤቶችን አንዱን ካንዱ በላይ መደርደር፣ ኩሽናውንም ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው። አንድ ዳክት፣ ማለት ቱቦዎች ከፎቅ ፎቅ የሚያልፉበት ክፍተት፣ እና አንድ የቁም ቱቦ ለሁሉም ይበቃል። ይህን እንደ እግር ብረት የሚያዩት አርክቴክቶች አሉ። እኔ ግን በአራቱም ማዕዘን ቱቦ የሚያወርድ ንድፍ ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ ጥገናው ነው።

ውፍረቱ እንደ ዕቃው ይለያያል። ለእጅ መታጠቢያ 40 ሚሊ ሜትር፣ ለሻወርና ለኩሽና ሲንክ 50፣ ለሽንት ቤት 110 የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የማይጣስ ሕግ አለ። ፍሳሽ ወደፊት በሄደ ቁጥር ቱቦው ሊሰፋ ይችላል፣ ሊጠብ ግን አይችልም። መታጠፍ ካለበትም ቀጥ ካለ የ90 ዲግሪ ጎሚቶ (መታጠፊያ) ይልቅ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ይሳላል። ቅርንጫፍ ሲቀላቀልም በቲ ሳይሆን በዋይ ቅርጽ፣ ወደሚፈስበት አቅጣጫ አዘንብሎ ይገባል። መታጠፊያዎቹ አጠገብ የሚከፈት ማጽጃ ያስፈልጋል፤ ያውም ሰው እጁን ሊያስገባበት በሚችል ቦታ። ቁም ሳጥን ጀርባ የተሳለ ማጽጃ ከሌለ አይሻልም።

ሲፎንና አየር

ከሲንክ ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ ሲፎን ይባላል። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ከሥሩ የኤስ ቅርጽ ያለው ቱቦ አድርጎበት ነበር። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። ጠማማው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ክዳን ይሆናል፤ ሽታውም ነፍሳቱም አያልፉትም። የዚህ ውሃ ከፍታ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ብዙ የግንባታ ደንቦች ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሲፎን ያስፈልገዋል። ከአንድ በላይ ሲደረደርበት ደግሞ መሃል ላይ የታሰረው አየር ፍሳሹን ያንቀዋል።

ሦስተኛው መስመር እዚህ ጋ ይመጣል። ብዙ ውሃ ባንዴ ቁልቁል ሲወርድ ከኋላው አየር ይጎትታል። አየር የሚያገኝበት ቀዳዳ ከሌለ ከጎረቤት ሲፎን ውስጥ ያለውን ውሃ ይመጠዋል። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ የእጅ መታጠቢያው ጉርጉር የሚል ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለማስቀረት የቁም ቱቦው የመጨረሻውን ዕቃ ካለፈ በኋላም ሽቅብ ቀጥሎ ከጣሪያ በላይ ይወጣል። ጫፉ ከመስኮት መራቅ አለበት። ከቁም ቱቦው ራቅ ያሉ ዕቃዎችም የራሳቸው የአየር ቱቦ ይሳልላቸዋል። አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ ቫልቭ በአንዳንድ አገሮች ይፈቀዳል፤ ያም ቢሆን ጣሪያ ላይ የሚወጣውን ዋናውን አይተካም።

ቤት ሲሸት ሰው ሳሙናና ኬሚካል ሲያፈስ ይውላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያልተሳለው የአየር መስመር ነው። ሌላው ምክንያት ድርቀት ነው። የማይሠራበት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያለው ሲፎን ውሃው ተንኖ ያልቃል። እንዲህ ላለው ክፍል ሻወሩም የእጅ መታጠቢያውም በአንድ የወለል ሲፎን እንዲያልፉ አድርጎ መሳል ጥሩ ዘዴ ነው፤ አንዱ በተነካ ቁጥር ይሞላል። ደንቡ መፍቀዱን ማየት ግን ያስፈልጋል።

ንጹሑ ውሃ

ፍሳሹ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ግፊት ነው። የ10 ሜትር ከፍታ ውሃ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ታንከር ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው ማለት ነው። ምድር ቤት ያለው ሰው ደህና ውሃ እያገኘ ታንከሩ ሥር የሚኖረው ሻወር የሚንጠባጠብበት ለዚህ ነው። ውሃ ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቁ ብዙ ማሞቂያዎችም በዚህ ግፊት ጨርሶ አይነሱም። እንግዲህ ፕላኑ ላይ ወይ ታንከሩ ከፍ ይላል፣ ወይ ፓምፕ ይገባል።

ቱቦው ምን ያህል ይወፍር? ሁሉም ቧንቧ ባንዴ እንደሚከፈት ከታሰበ ቱቦው ያለ ቅጥ ይወፍራል። ሮይ ሃንተር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1940 ያወጣው ዘዴ መፍትሔ ሆነ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቦቹ ይደመራሉ፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ሊከፈት የሚችለው ምን ያህሉ እንደሆነ ከሠንጠረዥ ይነበባል። የብዙ አገሮች ደንብ ዛሬም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ለተራ ቤት ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ዋናው መስመር 1 ኢንች ወይም 3/4 ኢንች፣ ወደ ዕቃው የሚገባው 1/2 ኢንች ይሆናል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጋልቫናይዝድ የብረት ቱቦ በስም የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ግምት ነው፤ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ግን በውጭ ወርዱ። 20 ሚሊ ሜትር የተባለው ወፈር ያለ ፒፒአር ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ1/2 ኢንች ብረት ይጠባል። ስሙን አይቶ አንዱን ባንዱ የተካ ሰው ውሃው ለምን እንደቀጠነ ግራ ይገባዋል። ፕላኑ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የቱቦው ዓይነትም መጻፍ አለበት።

ሙቅ ውሃ ላይ ጠላቱ ርቀት ነው። ቦይለሩ ከሻወሩ 15 ሜትር ከራቀ በዚያው በ20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ውስጥ 2 ሊትር ያህል ውሃ ተኝቶ ቀዝቅዟል። ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈሰው እሱ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ በተለይ ወደ ኩሽናው ይጠጋል፤ እዚያ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ቶሎ ቶሎ ይከፈታልና። ለረጅም መስመር የቱቦ ማልበሻ ይጻፋል። ቦይለሩ የሚያጠራቅም ዓይነት ከሆነ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መያዝ ይመከራል፤ ለብ ያለ ውሃ ሌጅዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ይሳላል። ብዙ ሰው የተለማመደው ይህን ስለሆነ መቀየሩ ቃጠሎ ያስከትላል።

ቫልቭ ላይ መሰሰት የኋላ ኋላ ያስቆጫል። መግቢያው ላይ አንድ፣ በየመታጠቢያ ቤቱ አንድ፣ ከቦይለሩ በፊት አንድ፣ በየሲንኩና በየሽንት ቤቱ ሥር አንግል ቫልቭ የሚባለው ትንሽ መዝጊያ። አንድ ቧንቧ ሲበላሽ ቤቱ በሙሉ ውሃ እንዳያጣ ነው።

ወረቀቱ ላይ

ፕላኑ ብዙውን ጊዜ በ1:50 ወይም በ1:100 መጠን ይሳላል። ቀዝቃዛው በሰማያዊ፣ ሙቁ በቀይ ቢደረግ ይነበባል፤ ቀለም ከሌለ አንዱ ያልተቆረጠ፣ ሌላው የተቆራረጠ መስመር ይሆናል። የምልክቶቹ ፍቺ ጥግ ላይ ይሰፍራል። ከላይ የታየ ሥዕል ከፍታን ስለማያሳይ ጎን ለጎን ኢሶሜትሪክ የሚባል፣ ከፍታውንም የሚያሳይ ሥዕል ይሠራል፤ አግድሞቹ መስመሮች በ30 ዲግሪ ያዘነብላሉ፣ ሽቅቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለቧንቧ ሠራተኛው ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ስንት ጎሚቶ፣ ስንት ቲ እንደሚፈለግ ከሱ ላይ ይቆጠራል።

ከፍታና ርቀት ከመጻፉ በፊት ዕቃው መመረጥ አለበት። ሰው የሚስቀው ዕቃ ሳይገዛ ቱቦ ሲቀበር ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይደረጋል። አንዱ ሽንት ቤት ወደ ወለል ይወጣል፣ ሌላው ወደ ግድግዳ። ወደ ወለል የሚወጣውም ከግድግዳው የሚርቅበት ልክ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ልኩም የሚወሰደው ከጡቡ ሳይሆን ካለቀው ግድግዳ ነው፤ ልስኑና ሴራሚኩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይበላሉ።

ከዚያ ሥዕሉ ከስትራክቸሩ ጋር ይነጻጸራል። ቱቦ ሶሌታ የሚያልፍበት ቦታ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቀዳዳው ይተዋል። ቢምና ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) ግን ቧንቧ ሠራተኛ የሚነካቸው አይደሉም። መሐንዲሱ ካልፈቀደ በቀር መስመሩ ይዞራል።

ከቤት ውጭ ፍሳሹ በታጠፈበትና በተገናኘበት ቦታ ማንሆል ይሳላል። የዝናብ ውሃ ከፍሳሹ ጋር አይቀላቀልም። የመጠጥ ውሃ ቱቦ ፍሳሹን ካቋረጠ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከላይ ሆኖ ያልፋል።

የፕላኑ የመጨረሻ ሥራ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ንጹሑ መስመር በሚሠራበት ግፊት 1.5 እጥፍ ተሞልቶ መለኪያው እንዳይወርድ ይጠበቃል። ፍሳሹም ውሃ ተሞልቶ ይታያል። በሥራ ላይ የተቀየረው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይታረማል፤ የሚቀየር ነገር ደግሞ አይጠፋም። ግድግዳው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳና ከፕላኑ ጋር ይቀመጣል። መስታወት ለመስቀል የሚበሳ ሰው በመጣ ቀን የሚጠየቀው ያ ፎቶ ነው።