ማሳጅ መማር ለምታስቡ የጅማ ልጆች

ጅማ ውስጥ «ማሳጅ ልማር ነው» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አብዛኛው ምክር ግን ስህተት ነው።

«እጅ ያለው ሁሉ ያሻል፤ ትምህርት ምን ያደርጋል?»

ማሸቱ አይደለም ከባዱ፤ ማንን እንደማያሹ ማወቁ ነው። ሰውዬው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ መጣ እንበል። በማግስቱ አንድ ባቱ ብቻ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያመዋል። ያልተማረው «መንገዱ ነው» ብሎ ቅባት ያነሳል። ግን እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የተማረው እጁን ሳያሳርፍ ቀጥታ ሆስፒታል ይልከዋል።

«ወጌሻ እያለ ማሳጅ ምን ሊሆን?»

ወጌሻ ለብዙ ቤት ባለውለታ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም ማሳጅ የተሰበረ አጥንት አይመልስም። ስብራት ከተጠረጠረ ራጅ ይቅደም። ስብራትን ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል። ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል።

«ካላስጮኸ ማሳጅ አይባልም»

ጡንቻ ሲያመው ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ ደንበኛውን እየጠየቁ መሥራት ነው። በአውራ ጣት ብቻ የሚታገል ባለሙያ ደግሞ ራሱ ታካሚ ይሆናል። ጉልበቱ ከእግርና ከሰውነት ክብደት ይምጣ፤ ክንድም ይሥራ። የአልጋው ከፍታ ለቁመታችሁ ካልተስተካከለ ወገባችሁ ይከፍላል።

«ማሳጅ ላክቲክ አሲድ ያስወጣል»

የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ይህን ይወዱታል (የ2010 ሻምፒዮንነት ይመለስልን እንጂ!)። ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ ግን ከጨዋታ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የማግስቱ ሕመም ከጡንቻ ጥቃቅን ጉዳት ነው የሚመጣው። ማሳጅ ያንን ሕመም ቀለል ያደርጋል።

«ያው ፊዚዮቴራፒ ማለት ነው»

አይደለም። ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ የሚማሩት ሕክምና ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። የማሳጅ ሰርተፍኬት ይዞ «ሐኪም ነኝ» ማለት ጣጣ ያመጣል።

«ማሳጅ ቤት? እሱማ ሌላ ሥራ ነው»

ይህን ወሬ በክርክር አታሸንፉትም፤ በአሠራር ነው። ደንበኛው በአንሶላ ይሸፈናል፣ የሚገለጠው የሚታሸው ቦታ ብቻ ነው። ዋጋውና ደንቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መስመር ያለፈ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ይውጣ። ጅማ ላይ ደግሞ ብዙ ሴቶች በወንድ መታሸት አይፈልጉም። ስለዚህ ሙያውን አሳምራ ለተማረች ሴት ሰፊ ገበያ አለ፣ ቤት ለቤትም ቢሆን። ለመጀመር ባለ መስታወት ስፓ አያስፈልግም፤ ጠንካራ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላና ቅባት ይበቃል።

«ማስታወቂያው ያማረ ትምህርት ቤት ይሻላል»

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሰውነት አሠራር ትምህርት አለው? ልምምዱ በሰው ላይ ነው ወይስ በቪዲዮ? ሲጨርሱ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ያስቀምጣል? «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካሏችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።