ያለ ገመድ ገደል የሚወጡ ሰዎች

ፍሪ ሶሎ ይሉታል። ቀጥ ያለ የአለት ገደልን ብቻን ሆኖ፣ ያለ ምንም ገመድ መውጣት ነው። ልዩ ጫማና የእጅ ላብ የሚመጥ ነጭ ዱቄት ይያዛል፣ በቃ። ብዙ ሰው ከፍሪ ክላይሚንግ ጋር ያምታታዋል። እዚያ ገመድ አለ፤ ወደ ላይ ባይስብም የወደቀን ሰው ይይዛል።

የእነሱን ቪዲዮ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ያው ነው፦ «እነዚህ ሰዎች መኖር ሰልችቷቸዋል?» ነገሩ ግን እንደዚያ አይመስልም። አሜሪካዊው አሌክስ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017 በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የኤል ካፒታን ገደል በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ውስጥ ያለ ገመድ ወጣው። ቁመቱ 900 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን በገመድ ታስሮ ደጋግሞ ወጥቶታል። ክፉ ክፉዎቹን ቦታዎች የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ሳይቀር በቃሉ አጥንቷቸዋል። በ2016 ደግሞ ጀምሮት ልቡ እሺ ስላላለው ትቶ ተመልሷል። ሞት የሚፈልግ ሰው ምን ያስመልሰዋል?

ተመራማሪዎች አንጎሉንም በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ፣ አይተውታል። አስደንጋጭ ምስሎች ሲያሳዩት፣ ከፍርሃት ጋር የሚያያዘው አሚግዳላ የተባለው ክፍል እምብዛም አልተነቃቃም። «ይኸው፣ ሲፈጠርም ፍርሃት የለውም» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልቸኩልም። ዓመታት ገደል ላይ ያሳለፈ አንጎል በልምድ ብዛትም ሊደነድን ይችላል፤ አንድ ምርመራ ሁለቱን አይለይም። እሱ ራሱ ፍርሃቱን በልምምድ ቀስ በቀስ እንዳሸነፈው ነው የሚናገረው።

ታዲያ ምን ይስባቸዋል? አንዱ ጸጥታው ነው። እጅ ከሚይዛት ስንጥቅ ሌላ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ትናንትም ነገም ይጠፋሉ። ሌላው ንጽሕና የሚሉት ነው፤ ድንጋዩና ሰው ብቻ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኦስትሪያዊው ፖል ፕሮይስ ከመቶ ዓመት በፊት ሰው ያለ ገመድ ሊወርድበት የማይችለውን ገደል መውጣት የለበትም ብሎ ይከራከር ነበር። በ1913 ብቻውን ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ገና 27 ዓመቱ ነበር።

የዝና ፍላጎትም አለበት፣ አይካድም። አሜሪካዊው ገደል ወጪ ጆን ባካር በ1981 ኤል ካፒታን በሚገኝበት በዮሰማይት ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያለ ገመድ ለሚከተለው ሰው 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የሞከረው አልነበረም። ኦስትሪያዊው ሃንስየርግ አወር ግን በ2007 ጣሊያን ውስጥ የማርሞላዳን ግዙፍ ግድግዳ የወጣው የሚቀርጸው ሰው ሳይኖር ነው።

ባካር ከዚያ ማስታወቂያ በኋላም 28 ዓመት ወጣ። በ2009፣ በ52 ዓመቱ፣ ብቻውን ያለ ገመድ ሲወጣ ወደቀ።